የእጅ ባትሪ በገላንና በአጎራባች ከተሞች

በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ለኖረ ብዙ ገበሬ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ብርሃን ከምሰሶ ሽቦ የመጣ አልነበረም፤ በእጅ ከሚያዝ ባትሪ የወጣ ነበር። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ከመጠቃለላቸው ከብዙ ዘመን በፊት፣ ከአዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ሆነው ሲመሽ በጨለማ የሚዋጡ የመንገድ ዳር መንደሮች ነበሩ። የአቃቂን ወንዝ ገድቦ ለዋና ከተማው ኃይል ያመነጭ የነበረው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ እንኳ ከገላን ብዙም ባይርቅም፣ ኃይሉ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነበር። ጣቢያው ሥራ ካቆመ ከዐርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ የተመረቀው በኅዳር 2009 ዓ.ም. ነው።

ለቤት ውስጥ ኩራዝ ይበቃ ነበር። ከአሮጌ ቆርቆሮ የሚበየደውና በላምባ የሚነደው ይህ መብራት ርካሽ ነው፤ በደርግ ዘመን አንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ስሙን እስከመውሰድ የደረሰ ክብርም ነበረው። ነፋስ ግን አይችልም። ማታ ከብት ፍለጋ ለሚወጣ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ከጅብ ጋር በሚጋሩት መንገድ ጎህ ሳይቀድ የሱሉልታን ወተት ወደ ከተማ ለሚያደርስ ወይም ግቢ ለሚጠብቅ ዘበኛ፣ ያለው አማራጭ ችቦ ወይም ፋኖስ ነበር። ፋኖስ ዙሪያውን ያበራል እንጂ ሩቅ አያሳይም፤ የያዘውን ሰው ከሚያየው ነገር ይልቅ ያጋልጠዋል።

ይህን ክፍተት የሞላው የእጅ ባትሪ ራሱ ግን የተወለደው ሌላ ቦታ ነው። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር እ.ኤ.አ. በ1886 የማይፈስ ደረቅ የባትሪ ድንጋይ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ዴቪድ ሚሰል በኒው ዮርክ ድንጋዮችን በቱቦ ውስጥ ደርድሮ ከፊቱ አምፖል የገጠመበትን ባትሪ የፈጠራ መብት አገኘበት። መብቱን የያዘው፣ ከሚንስክ የተሰደደው የኮንራድ ሁበርት ኩባንያ ነው፤ በኋላ ኤቨሬዲ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች ደካማ፣ የአምፖሉም ክር ካርቦን ስለነበር ብርሃኑ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ዓይነት ነበር። የእጅ ባትሪ የምር መንገድ ማሳያ የሆነው የተንግስተን ክር ከመጣ በኋላ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የውጭ ዕቃ ይገባ የነበረው በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ስለነበር፣ ገላን ከመጀመሪያው በዕቃ መንገድ ላይ ነበረች። አስመጪነቱ በሕንድ፣ በዐረብ፣ በግሪክና በአርመን ነጋዴዎች እጅ ስለነበር የዕቃው ምንጭ ከነጋዴው ስም ጋር ተያይዞ ይታወቅ ነበር። ገዢው በምንጭ መለካትን የለመደው በዚህ ዘመን ነው ማለት ይቻላል፦ የእንግሊዝ፣ የጀርመን፣ ኋላም የሆንግ ኮንግና የቻይና። ሱቅ ቆሞ የድንጋይ ዕድሜን መፈተን የማይቻል በመሆኑ፣ የአገር ስም የጥራት ምስክር ሆኖ ያገለግል ነበር። ልማዱ ሞኝነት አልነበረም፤ ሌላ መለኪያ አልነበረም።

በዓይንና በእጅ የሚፈተን ነገር ግን ነበር። የክዳኑ ጥርስ ሳይስት መግባቱ፣ የማብሪያው ጠንካራነት፣ የመስታወቱ ጥራት፣ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ የተደበቀ መጠባበቂያ አምፖል መኖሩ። ባለ ሁለት ድንጋይ ለኪስ፣ ባለ ሦስት ድንጋይ ለዘበኛ ይመረጥ ነበር፤ ሦስተኛው ድንጋይ ርቀት ይጨምራል፣ በዚያ ላይ ለዱላነትም ያገለግላል።

ዋናው ወጪ ግን ቆርቆሮው ላይ አልነበረም። አንድ ባትሪ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ ድንጋዩ ግን በተከታታይ ቢበራ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላው ይደክማል። እያንዳንዱ ጥንድ ድንጋይ ጥሬ ገንዘብ ለማያበዛ ገበሬ ከባድ ወጪ ስለነበር ቁጠባው ጥበብ ሆነ። ለባትሪው የደከመ ድንጋይ፣ አነስተኛ ኃይል ለሚበቃው ትራንዚስተር ሬዲዮ ለሳምንታት ይተርፋል። ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል። ሁለቱም ሥርዓት ያለው ምክንያት አላቸው፤ ሙቀት በውስጡ ያለውን የኬሚካል ሂደት ያፋጥናል፣ ግፊት የላላውን ዱቄት ከካርቦኑ ጋር ያቀራርበዋል። ጨርሶ ሲሞት ይሰበርና ጥቁር ዱቄቱ በገጠር ትምህርት ቤቶች ለጥቁር ሰሌዳ መቀቢያ ይውላል። በውስጡ ተረስቶ የከረመ ድንጋይ ግን ዚንኩ ተበልቶ ፈሳሹ ያመልጥና የቆርቆሮውን አካል ያዝጋል፤ ብዙ ጥሩ ባትሪ የሞተው በመውደቅ ሳይሆን በዚህ ነው።

ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዳዮድ ከተገኘ በኋላ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ነጭ ኤልኢዲ ይህን ሒሳብ አፈረሰው፤ ለሰማያዊው ዳዮድ ሦስት ጃፓን የተወለዱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ክሩን ከማጋል ይልቅ ብርሃንን በቀጥታ ስለሚያመነጭ፣ ያው ድንጋይ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይበቃል። ከእሱ ጋር ግን በጣም ርካሽ የፕላስቲክ ባትሪዎች ገበያውን ሞሉት። ተጣጥፎ የሚገባ መሰኪያ ያላቸው፣ በግድግዳ የሚሞሉት ባትሪዎች በብዛት የእርሳስና የአሲድ ሕዋስ የያዙ ናቸው፤ ባዶ ሆነው ሲቀመጡ ሕዋሱ ይበላሻል። ኬንያ ውስጥ በኤልኢዲ ባትሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች በስድስት ወር ውስጥ የጥራት ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል።

የኪስ ባትሪ ዋነኛ ተቀናቃኝ ግን ስልክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 በአናቱ ላይ መብራት ነበረው፤ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከዚያ በኋላ ለአጭር መንገድ ብቻ ባትሪ የሚገዛ ሰው ቀነሰ፤ ዘበኛ፣ ገበሬና በፈረቃ የሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ግን አሁንም ለብቻው ባትሪ ይይዛሉ፣ የስልኩ መብራት ሩቅ አይደርስማ።

ዛሬ ምንጭን እንደ ምስክር መቀበል አስቸጋሪ ሆኗል። በቻይና የሚሠሩት ፌኒክስ፣ ኦላይትና ናይትኮር በዓለም ከተከበሩት ባትሪዎች መካከል ናቸው፤ በጣም ደካማውም የሚሠራው እዚያው አገር ነው። ኤፍኤል1 የሚባለው የአሜሪካ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የብርሃን መጠንን፣ የሚያበራበትን ርቀትና ዕድሜን ወጥ በሆነ መንገድ መለካት ጀመረ፤ ያለ እሱ በሳጥን ላይ የሚጻፍ ሉመን ከምኞት አይተናነስም። ከሉመኑ ይልቅ የሚሞላውን ሕዋስ መመርመር ይሻላል። 18650 የሚባለው የሊቲየም ሕዋስ በጥሩ ምርት 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ 9900 የሚል የተጻፈበት ሁሉ ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ይቀልላል፤ ይህም ሱቁ ውስጥ በእጅ መዳፍ የሚለይ ነገር ነው።