ከፎቶግራፉ የወጣው ዳስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የተዘጋጁ የፎቶግራፍ መግለጫዎችን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ከፎቶግራፎቹ አንዱ በክረምት ማብቂያ የተነሣ የገዳሪፍ ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ እስከ አድማስ የተዘረጋ ማሽላ፣ ከበላዩም ደመና። መግለጫው ግን «በኡም ራኩባ መንገድ ዳር ያሉ ዳሶች» ይላል። በሥዕሉ ላይ አንድም ዳስ አልነበረም። አዘጋጁን ብጠይቀው፣ «ዕይታውን ስላበላሹብን በኮምፒውተር አወጣናቸው፤ እርስዎ መግለጫውን ያስተካክሉልን» አለኝ። ጠጋ ብዬ ስመለከት ባዶው መሬት ላይ የአንድ ዳስ ጥላ ተረስቶ ቀርቷል።

ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ በእንጨት ባላ ላይ ሣር ወይም አገዳ ተከድኖበት ከፀሐይ የሚያስጠልል ዳስ ነው። ኡም ራኩባም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ የወጣው የቦታው ስም ጭምር ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1984 ከረኃብና ከጦርነት ሸሽተው ድንበር ከተሻገሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ያረፉት በዚሁ በኡም ራኩባና በአካባቢው በነበሩ ሌሎች መጠለያዎች ነበር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተካሄደው «የሙሴ ዘመቻ» ወደ 8 ሺሕ የሚጠጉት በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ተጉዘው በአውሮፕላን ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያዎቹ ያለቁት ወደ 4 ሺሕ እንደሚደርሱ ይገመታል። መጠለያው ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ እንደገና ተከፈተ። የሣር ዳስ ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆይም፤ እንደ ጎንደር ግንብ ፍርስራሽ እንኳ አይተውም። በዚያ ሜዳ ሰው መኖሩን የሚያሳይ ምስክር ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ ነው።

የማውጣቱ ብልሃት ቀላል ነው። ክሎን ስታምፕ የተባለው የፎቶሾፕ መሣሪያ ከአንዱ የሥዕሉ ክፍል ቀድቶ በሌላው ላይ ያትማል። በ2002 የመጣው ሂሊንግ ብራሽ የተቀዳውን ቀለምና ብርሃን ከአካባቢው ጋር ያስማማል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ዙሪያውን አጥንቶ ክፍተቱን ይሞላል። ከዳሱ ጀርባ ምን እንደነበረ ግን አያውቅም፤ የሚያደርገው ማሽላውን በማሽላ፣ ሰማዩን በሰማይ መድገም ብቻ ነው። እንደ ገዳሪፍ ያለ ወጥ ሜዳ ለዚህ ይመቻል። አጭበርባሪነቱ የሚታወቀው ያው የማሽላ ራስ ሁለት ቦታ ሲገኝ፣ ወይም እንዳልኩት ጥላ ሲረሳ ነው።

ነገሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ስታሊን በሞስኮ ቮልጋ ቦይ ዳር አብሮት ፎቶግራፍ የተነሣውን የደኅንነት ሹሙን ኒኮላይ የዦቭን ካስገደለው በኋላ፣ ባለሙያዎች ሰውየውን አውጥተው ቦታውን በቦዩ ውኃ ሞልተውታል። በእኛም አገር ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ፣ መስለማቸውን ያሳያል ተብሎ የተሠራጨው ባለጥምጣም ፎቶግራፍ የተቀነባበረ እንደነበር ይነገራል። እነዚህ ግልጽ የፖለቲካ ሥራዎች ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው ግን በ2014 የተሰማው ነው፤ አሶሺየትድ ፕሬስ ከአንድ ሶርያ ከዘገበ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያቋረጠው፣ በሥዕሉ ጥግ መሬት ላይ የታየችውን የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ በማውጣቱ ነበር። እሱም እንደ ቀን መቁጠሪያው አዘጋጅ ዕይታ አበላሸች ብሎ ነው።

ለቤት ግድግዳ የሚሰቀል ሥዕል እንደ ዜና ሊፈተን አይገባም የሚል ሰው ይኖራል። እኔም የቆሻሻ ፌስታል ቢወጣ አልከራከርም። ሆኖም የገዳሪፍን የቆየ ፎቶግራፍ ዘመን የምንለየው «ዕይታ ያበላሻሉ» በሚባሉት ነገሮች ነው። ትልቁ የእህል ሳይሎ ከታየበት፣ ሥዕሉ ሶቭየቶች ሳይሎውን ከሠሩበት ከ1960ዎቹ አይቀድምም። ምሰሶውም፣ የባቡር ሐዲዱም፣ ዳሱም እንዲሁ ይመሰክራሉ።

ደግሞስ «ንጹሕ ተፈጥሮ» ተብሎ የተመረጠው ሜዳ የማን ሥራ ነው? በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በገዳሪፍ አቅራቢያ በጋደምበሊያ የትራክተር እርሻ ከመጀመራቸው በፊት፣ ከዚህ መሬት ብዙው የግራር ደን ነበር። ደኑ ለማሽላና ለሰሊጥ ተመነጠረ። አዘጋጁ ዳሱን አውጥቶ ያስቀረልን ባዶነት፣ ትራክተር አስቀድሞ ዛፉን ያወጣበት ባዶነት ነው።

መግለጫውን ሳላስተካክል፣ ዳሶቹን እንደያዘ መለስኩት። በጎኑም ዋናው ፋይል ከነቀኑና ከነቦታው ተለይቶ እንዲቀመጥ ማስታወሻ ጻፍኩ። ቀን መቁጠሪያው ታትሞ ሲደርሰኝ ከሥዕሉ ሥር «የገዳሪፍ ሜዳ» የሚል ብቻ አገኘሁ።