የከተማ ቤተ ክርስቲያን በምን ጸናች?

በባላገር የታመመውን ጎረቤት ይጠይቀዋል፤ የሞተውን አገሬው ይቀብረዋል። ወደ ታላቅ ከተማ የገባ መጻተኛ ግን በብዙ ሕዝብ መካከል ሳለ ብቸኛ ነው። የጥንት ክርስቲያኖች በከተሞች እንዴት እንደ በዙና እንደ ጸኑ ስመረምር፣ ምክንያቱ ይህን ብቸኛ ሰው ስላሰቡት ይመስለኛል። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ251 ዓ.ም. ቆርኔሌዎስ የሮማ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። ለአንጾኪያው ፋብዮስ የላከው ደብዳቤ በአውሳብዮስ የታሪክ መጽሐፍ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የሮማ ቤተ ክርስቲያን 46 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት ነበሯት፤ የምትረዳቸው መበለቶችና ችግረኞች ግን ከ1,500 በላይ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዴክዮስ ያስነሣው ስደት ገና ማለፉ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓይን የሚያስደንቅ ሕንጻ አልነበራትም፤ የድኾቿን ቍጥር ግን ታውቅ ነበር።

በዚያው ዘመን ጽኑ ቸነፈር ተነሣ። በሰሜን አፍሪካ በካርታጅ ከተማ ሰው የታመመ ወገኑን እየጣለ ይሸሽ ጀመር። ኤጲስ ቆጶሱ ቆጵርያኖስ ግን ምእመናኑን ሰብስቦ፣ ወገንን ብቻ መርዳት አረማዊም የሚያደርገው እንደ ሆነ አስተማራቸው፤ ባለጠጋው በገንዘቡ፣ ድኻው በጉልበቱ እንዲያገለግል አደረገ። በእስክንድርያም ቀሳውስትና ዲያቆናት በሽተኞችን ሲያስታምሙ እንደ ሞቱ ሊቀ ጳጳሱ ዲዮናስዮስ ጽፏል።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከ361 እስከ 363 የነገሠው ከሃዲው ዑልያኖስ የጣዖትን አምልኮ ሊመልስ ተነሣ። እርሱም በገላትያ ለሾመው የጣዖት ሊቀ ካህናት፣ ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድኾች ሌላ የእኛንም ይመግባሉ ሲል በቍጭት ጻፈ፤ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራም አዘዘ። ጠላት እንዲህ ከመሰከረ የወዳጅ ምስክር ለምን ያስፈልገናል?

ምናልባት አንድ ሰው፣ «ይህ ሕዝብን በእንጀራ መግዛት አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም። በቸነፈር ለተያዘ ሰው ውሃ የሚያቀርብ ሞትን እንጂ ትርፍን አይጠብቅም። ሕዝቡም ያመናቸው ይህን አይቶ ይመስለኛል።

በእኛም አገር ሰንበቴና ማኅበር የዚሁ ምግባር ወገን ናቸው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በከተማችሁ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የጕልላቱን ቁመት ብቻ አትመልከቱ፤ በዚህ ሰንበት ከጉባኤው የጎደለው ማን እንደ ሆነ፣ ሊጠይቀውም የሄደ እንዳለ ጠይቁ።