የድረ ገጽ አስተያየት መስጫ ቅጽ

የድረ ገጽ አስተያየት መስጫ ቅጽ የአንድ ድረ ገጽ ጎብኚ ጥቆማውን፣ ቅሬታውን፣ ምስጋናውን ወይም ጥያቄውን ለድረ ገጹ ባለቤት በጽሑፍ የሚያስተላልፍበት ክፍል ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ጋር ተመሳሳይ ዓላማ አለው። ሁለቱም አንድ ችግር ይጋራሉ፦ ሣጥኑ ባዶ መሆኑ ተገልጋዩ ረክቷል ማለት አይደለም። ቅጹን መሙላት ስላስቸገረ ወይም የሚያነበው ሰው ያለ ስላልመሰለ ባዶ ሊቀር ይችላል።

የጥያቄዎች ብዛትና ዓይነት

ቅጹ ግዴታ የሚያደርገው ጥያቄ በበዛ ቁጥር ጀምሮ የሚያቋርጠው ሰው ይበዛል። ለአብዛኛው አገልግሎት አንድ የመልእክት ሣጥንና በፈቃድ የሚሞላ ስልክ ወይም ኢሜይል ይበቃል። «አስተያየትዎን ይስጡ» ከሚለው ጥቅል ግብዣ ይልቅ «የፈለጉትን አገኙ? ካላገኙ ምን ፈልገው ነበር?» የሚለው የተለየ ጥያቄ ለመመለስ ይቀላል። ጎብኚው የነበረበትን ገጽ ቅጹ ራሱ መመዝገብ ስለሚችል መጠየቅ አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወይም ስህተት ሲገኝ የተጻፈው መጥፋት የለበትም፤ በስልክ ላይ ረጅም ጽሑፍ የጻፈ ሰው ከጠፋበት ደግሞ ለመጻፍ ብዙም አይነሳሳም።

ስምና ስልክ ቁጥር

ብዙ ዝግጁ ቅጾች የቤተሰብ ስም የሚጠይቁት በውጭ አገር ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሙሉ ስም አብዛኛውን ጊዜ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ስለዚህ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ቦታ ይበቃል።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የሞባይል ቁጥሮች በ09 ብቻ ሳይሆን በ07ም ይጀምራሉ። 09ን ብቻ እንዲቀበል የተሠራ ቅጽ ትክክለኛ ቁጥር ያስገባን ሰው «ተሳስተዋል» ብሎ ይመልሳል። በቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ በኩል የሚያልፉ መንገደኞችን ለሚያስተናግድ ሆቴል ወይም የጉዞ ወኪል ደግሞ የውጭ አገር ቁጥር መቀበልም ያስፈልጋል።

አድራሻ

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ቦታን የሚጠቁመው በአብዛኛው በምልክት ነው፤ «መድኃኔዓለም ጀርባ»፣ «አያት አደባባይ ሳይደርስ» ይላል። ፖስታም የሚደርሰው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ ቤት ለቤት አይደለም። ስለሆነም የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ ኮድ ግዴታ ሲሆን ተጠቃሚው የፈጠራ ቁጥር ለመጻፍ ይገደዳል።

የክፍለ ከተማ ዝርዝርም መታደስ አለበት። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ በተወሰዱ አካባቢዎች ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ከ10 ወደ 11 ከፍ ብለዋል። ዝርዝሩ ካልታደሰ፣ ስሙ «ቦሌ» ቢልም በለሚ ኩራ ሥር የሚገኘው የቦሌ አራብሳ ነዋሪ ያለው ምርጫ «ቦሌ» ብቻ ይሆናል፤ ስለ ውኃ ወይም ስለ መንገድ ያቀረበው ቅሬታም ወደማይመለከተው ቢሮ ይሄዳል።

ፊደልና ቋንቋ

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ገደቡ በባይት ተቆጥሮ 300 ከሆነ አማርኛ ጸሐፊው 100 ፊደል ላይ ይቋረጥበታል። ስለዚህ ገደቡ በፊደል ብዛት መቆጠር አለበት። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች መልእክትም ሊታገድ አይገባም። የተሰበሰበው አስተያየት ሲፈለግ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ ካልተቆጠሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለው የጻፉ ሰዎች አስተያየት ተለያይቶ ይቀራል።

የግል መረጃና ምላሽ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማና ለዚያ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ስም ሳይገልጹ መጻፍ መፍቀድ በተለይ በሠራተኛ ላይ ቅሬታ ለሚያቀርብ ሰው ይጠቅማል። አስመሳይ መልእክት የሚልኩ ፕሮግራሞችን ለመከላከል ለሰው የማይታይ ባዶ ቦታ ቅጹ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ሲሞላው ማንነቱ ይታወቃል፣ ተጠቃሚውም በሥዕል መለየት አይደክምም።

ቅጹ ሲላክ የመዝገብ ቁጥርና መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ማሳየት ይኖርበታል። በደረሰ አስተያየት ምን እንደተስተካከለ በዚያው ድረ ገጽ ላይ መግለጽም ቀጣዩ ጎብኚ የሚጽፈው እንደሚነበብ ያሳየዋል።