ድምፅ የማያወጣው ሙዚቀኛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀጥሬ እሠራበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ለሁለት ቀን የአመራር ሥልጠና ቢሾፍቱ ወሰደን። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የሄድነው ለሐይቁና ለአበሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ፣ እንቅልፍ አዳራሹን ሊወርሰው ሲል፣ አሠልጣኙ መጋረጃውን ጋርዶ አንድ ፊልም ከፈተልን። ጠጉራቸው የሸበተ እንግሊዛዊ ፒያኖ ይጫወታሉ፤ ብድግ ብለው ወደ ተመልካቹ ይሮጣሉ፤ አንዱ ፊት ድቅን ብለው ይስቃሉ። የሾፐንን አንዲት አጭር ሥራ ተጫውተው ሲጨርሱ ሥራ አስኪያጃችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው ሲያለቅሱ ያን ቀን ያየሁት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም ሆነ።

በፊልሙ ላይ ያየናቸው ሰው ቤንጃሚን ዛንደር ይባላሉ። ንግግሩ በ2008 ቴድ በተባለው መድረክ ላይ ያደረጉት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሙዚቃ ሰው ስለ መሥሪያ ቤት አመራር ለማስተማር ምን አበቃው? ጥያቄው ከቢሾፍቱ አብሮኝ ተመለሰ፤ እኔም ማንበብ ጀመርኩ።

በአማርኛችን «መሪ» የሚለው ቃል አገር ለሚመራውም ኦርኬስትራ ለሚመራውም ያው ነው። ማኅሌት የቆመ ሰው ደግሞ መሪጌታን፣ ቀኝ ጌታን፣ ግራ ጌታን ያውቃል። ነገር ግን መሪጌታ የሚመራው በገዛ ድምፁ ነው፤ ቢስት ሊቃውንቱ እዚያው ይሰሙታል። የኦርኬስትራ መሪ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ጀርባውን ለሕዝቡ፣ ፊቱን ለተጫዋቾቹ ሰጥቶ እጁን ያወናጭፋል እንጂ አንዲት ድምፅ አያወጣም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይህን ሙያ እኛን ካለማመዱት አንዱ ነው።

ጥንት መሪውም ድምፅ ነበረው። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሙዚቀኛ ዣን ባቲስት ሉሊ ምት የሚጠብቀው ረጅም ዘንግ ወለሉ ላይ እየመታ ነበር። በ1687 ንጉሡ ከሕመም በመዳናቸው በተዘጋጀ የምስጋና መዝሙር ላይ ዘንጉን በገዛ እግሩ ጣት ላይ አሳረፈው፤ ቁስሉም መርቅዞ ገደለው። በ19ኛው መቶ ዓመት የተጫዋቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ከባዱ ዘንግ ወደ ቀጭን በትር ተለወጠ። ድምፁ ጠፋ፤ ሥልጣኑ ግን ገነነ። ጣሊያናዊው ቶስካኒኒ በልምምድ ላይ በተጫዋቾቹ ላይ የጮኸው ጩኸት ተቀርጾ ዛሬም ይሰማል።

ይህን ምስል የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያለ ምክንያት አልወደዱትም። በ1988 የሥራ አመራር ሊቁ ፒተር ድራከር የወደፊቱ ድርጅት ኦርኬስትራን ይመስላል ሲል ጻፈ፤ በመካከል የአለቃ አለቃ ሳይደረደር አንድ መሪ በመቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎችን በአንድ ኖታ ያስጫውታል። በሱፍ ልብሱ ላይ በትር ጨምሮ ራሱን በመድረክ ያላየ አለቃ ይኖር ይሆን? ከአሥር ዓመት በኋላ ሄንሪ ሚንዝበርግ በካናዳ የዊኒፔግ ኦርኬስትራ መሪን አንድ ቀን ሙሉ ተከትሎ ከዋለ በኋላ ያ ሁሉን አዛዥ መሪ ተረት ነው ብሎ ጻፈ። እሱን ያነበበው ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ዛንደር በ1939 እንግሊዝ አገር የተወለዱት ከናዚ ጀርመን ከሸሸ ቤተሰብ ነው። ገና ብላቴና ሳሉ ቼሎ ለመማር ስፔናዊው ጋስፓር ካሳዶ ወደነበረበት ወደ ፍሎረንስ ሄዱ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ተሻግረው ቦስተን ውስጥ በኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ መምህር ሆኑ፤ ጎን ለጎንም ሲቪክ ሲምፎኒ የተባለ የከተማዋን ኦርኬስትራ ይመሩ ነበር። ከቦርዱ ጋር አልተስማሙምና ተሰናበቱ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል እፈልጋለሁ። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ወንበራቸውን ትተው ተከተሏቸው፤ በ1979ም ቦስተን ፊልሃርሞኒክ ተመሠረተ። በዚህ ኦርኬስትራ ውስጥ ሙያተኛው፣ ተማሪው፣ ሙዚቃን በፍቅር ብቻ የሚጫወተውም አንድ ላይ ይቀመጣሉ።

ዛንደር እንደሚናገሩት፣ በሙያው ሃያ ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ አንድ ነገር ድንገት ተገለጠላቸው። መሪው ራሱ ድምፅ አያወጣም፤ ያለው ኃይል ሁሉ ሌሎቹን ኃይለኛ በማድረግ ችሎታው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በአነጋገራቸውም በሁኔታቸውም ስለተለወጡ ተጫዋቾቹ ምን ነካዎት እያሉ ጠየቋቸው። ይህ ሐሳብ ነው ከልምምድ አዳራሽ አውጥቶ በኩባንያ አለቆች ፊት ያቆማቸው። የዳቮስ መድረክ ሳይቀር አስተናግዷቸዋል። በ2000 ከሮዛመንድ ስቶን ዛንደር ጋር የጻፉትን መጽሐፍ ያሳተመው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ማተሚያ ክፍል ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ዩጂን ሌነር ስለተባለ የቪዮላ ተጫዋች የሚነገረውን ነው። ዛንደር ይህን አንጋፋ ሰው፣ ከአንተ ባነሱ መሪዎች ሥር ዕለት ዕለት መጫወቱን እንዴት ቻልከው ብለው ይጠይቁታል። ሌነር የመለሰው ወደ ቦስተን ሲምፎኒ በገባበት የመጀመሪያ ዓመት ያየውን በመተረክ ነው። መሪው ኩሴቪትስኪ አንድ የባህ ሥራ አልሆንልህ ይላቸዋል። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችውን ዝነኛ መምህርት ናድያ ቡላንዤን ጠርተው እሳቸው ከአዳራሹ መጨረሻ ሲያዳምጡ እሷ መራች፤ ነገሩም ተቃና። ሌነርም ከዚያ ወዲህ በየልምምዱ፣ ዛሬ እኔ ብጠራ ለተጫዋቾቹ ምን እላቸዋለሁ እያለ ስለሚያስብ ለመሰልቸት ጊዜ አጥቷል። ይህን ሳነብ ለደቂቃዎች መጽሐፉን ዘጋሁት። አሥራ አንድ ዓመት ተቀጥሬ ስኖር ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሌላው የዛንደር ዘዴ ነጩ ወረቀት ነው። በእያንዳንዱ ልምምድ በየኖታው ማቆሚያ ላይ ባዶ ወረቀት ይቀመጣል። ተጫዋቹ የሚያስበውን፣ መሪውንም ቢሆን የሚተች፣ ይጽፍበታል፤ ብዙዎቹ ስማቸውን ይፈርሙበታል፤ መሪውም ያነብባል፤ ያርማል።

ከቢሾፍቱ በተመለስን ሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ወረቀት አገኘሁ። ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው የሁሉም ጠረጴዛ ላይ አለ። ፊልሙ ሥራውን ሠራ አልኩ። እኔ ለሦስት ሰዓት የሚጠራው ስብሰባ አምስት ሰዓት እንደሚጀመር ጻፍኩ፤ ስሜን ግን አልፈረምኩም። የመዝገብ ቤቷ ባልደረባችን የጻፈችው ከእኔ የበረታ ነበር። ዓመታዊው ዕድገት ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ባለቤቱ እንደሚታወቅ ገልጻ ነበር። በሳምንቱ ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ ይህን ወረቀት ከፍ አድርገው አነበቡትና፣ በለሆሳስ፣ ያለ ቁጣ፣ «ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አሉ።

ዛንደርን አልወቅስም። ምክራቸው ከእውነተኛ ገጠመኝ የተቀዳ ነው። የሚታመመኝ ሌላ ነው። እነ ሃክማን በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በያኔዎቹ ሁለት ጀርመኖች 78 ኦርኬስትራዎችን አጥንተው በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ሥራቸውን በውስጣዊ ፍላጎት በመሥራት ከሌሎች ሙያተኞች ሁሉ ልቀው ተገኙ። በአጠቃላይ የሥራ እርካታ ግን ከአሜሪካ የፌዴራል እስር ቤት ጠባቂዎች ዝቅ አሉ። ሙዚቃውን ይወዱታል፤ በመድረኩ ግርጌ መኖሩን ግን እምብዛም። ለዓለም አለቆች ምሳሌ ሆኖ የተሰጠው ቤት ይህ ነው።

ቦስተን ውስጥ ወረቀቱ የተሠራባቸው ሰዎች ደግሞ እነማን እንደነበሩ ቀደም ሲል አይተናል። ተመርቆ የተሾመላቸውን ሳይሆን የተባረረውን መሪ መርጠው የወጡ፣ ነገም ቅር ካላቸው ቼሏቸውን ከረጢት ከተው መሄድ የሚችሉ ናቸው። የሚፈርሙት ለዚህ ነው። አሠልጣኙ ይህን አልነገረንም፤ ፊልሙ ውስጥም የለም። ነጩ ወረቀት በሻንጣ ይገባል፤ በር ግን አይገባም።

የመዝገብ ቤቷ ባልደረባችን በዚያ ስብሰባ እጇን አወጣች። «የእኔ ነው» አለች፤ ተቀመጠች። ማንም ምንም አላደረጋትም፤ ዕድገትም አላገኘችም። በሁለተኛው ሰኞ ወረቀቶቹ ባዶ ተሰበሰቡ። በሦስተኛው የቀረቡልን በጀርባቸው የቆየ የግዥ ሰነድ የታተመባቸው ነበሩ፤ ወረቀት ይቆጠብ ተብሎ።