የክላውድ ማከማቻ አጠቃቀም በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

የክላውድ ማከማቻ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚገኙ የማምረቻና የንግድ ድርጅቶች መረጃቸው በቢሮ ኮምፒውተር ሊያዝ ከሚችለው በላይ ሲሆን የሚቀርብ አማራጭ ነው። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መውጫዎች የሚገኙት ሦስቱ ከተሞች የኦሮሚያ ክልል በ2015 ዓ.ም ባቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል።

ክላውድ በአማርኛ «ደመና» ማለት ሲሆን ስያሜው ጥቂት አሳሳች ነው። መረጃው የሚቀመጠው መብራት፣ ማቀዝቀዣና ጥበቃ በተሟላለት ሕንፃ ውስጥ በተደረደሩ ሰርቨሮች ላይ ነው። ድርጅቱ ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ ቦታ ይከራያል፤ በተጠቀመበት መጠንም ይከፍላል። አሠራሩ በዓለም ገበያ የተስፋፋው አማዞን «ኤስ 3» የተባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ በ2006 ካቀረበ በኋላ ነው።

ግዙፍ መረጃ ወይም ቢግ ዳታ የሚባለው በብዛቱ፣ በፍጥነቱና በዓይነቱ ልዩ ልዩነት የሚታወቅ ነው። ለምሳሌ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ በሚገኝባት ሱሉልታ ወይም ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በሚገኝባት ሰበታ፣ በአንድ የጠርሙስ መሙያ ማሽን ላይ የተገጠመ አንድ መለኪያ በየሴኮንዱ ቢመዘግብ በቀን 86 ሺህ 400 ቁጥር ያስገኛል። መለኪያዎቹ 50 ቢሆኑ መጠኑ ከ4 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ይሆናል። የሽያጭ ሰነድ፣ የተሽከርካሪ ስምሪትና የጥበቃ ካሜራ ምስል ሲታከልበት ማሽን ከመበላሸቱ በፊት የሚታየውን ምልክት ለይቶ ለማውጣት ሰፊ ማከማቻና ከፍተኛ የማስላት አቅም ያስፈልጋል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚመለከቱት የማከማቻውን ኪራይ ነው። ይሁንና አስቸጋሪው ጉዳይ ኪራዩ አይደለም። በአማዞን የአሜሪካ ማዕከላት የአንድ ቴራባይት መደበኛ የወር ኪራይ ወደ 23 ዶላር ሲሆን፣ ያንኑ መረጃ መልሶ ለማውጣት ግን እስከ 90 ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በመሆኑ፣ የምንዛሪ ገበያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም ክፍት ከተደረገ ወዲህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

ሁለተኛው ጉዳይ መስመሩ ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር አንድ ቴራባይት ለመላክ ያለማቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል፤ በ100 ሜጋቢት ደግሞ አንድ ቀን ያህል። ኢንተርኔት በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠበት ወቅት እንደታየው፣ መዝገቡ ሁሉ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያለ ድርጅት መስመር ሲጠፋ የዕለት ሽያጩን እንኳ ማየት አይችልም። በመሆኑም ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገው መረጃ በድርጅቱ ግቢ ቅጂ ሊኖረው፣ ክላውዱም ለመጠባበቂያና ለትንተና ሊውል ይገባል።

በአገር ውስጥም አማራጮች ተፈጥረዋል። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ያቀርባል፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም እንደ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ ያሉ የግል ኩባንያዎች የመረጃ ማዕከላት ከፍተዋል። መረጃው ወደ ባሕር ማዶ ስለማይጓዝ ምልልሱ ያጥራል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገቦች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግለሰቦች መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች የደነገገ ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠራተኞች ደመወዝ መዝገብና የደንበኞች ስልክ ቁጥር በአዋጁ የሚሸፈኑ ሲሆን የማሽን ሙቀት መለኪያ አይሸፈንም። ሁለቱን በአንድ ማከማቻ ቀላቅሎ ወደ ውጭ የላከ ድርጅት በኋላ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ልየታው ውል ከመፈረሙ በፊት ሊጠናቀቅ ይገባል፤ ውሉም ሰርቨሩ የሚገኝበትን አገር፣ ክፍያው የሚፈጸምበትን ገንዘብና ውሉ ሲቋረጥ መረጃው የሚመለስበትን ጊዜና ወጪ በግልጽ ማስፈር ይኖርበታል።