የሕንድ ሙሽራ ልብስና ባለቤትዋ

በሰሜን ሕንድ፣ በጋንጅስ ወንዝ ዳር በምትገኘው በባናራስ ከተማ፣ በዛሬው ስምዋ በቫራናሲ፣ የሠርግ ልብስ የሚሸጥበት የቀድሞ ዐይነት ሱቅ ወንበር የለውም። ወለሉ በወፍራም ፍራሽና በነጭ አንሶላ ይሸፈናል። ገዢዎቹ ጫማቸውን ከደጃፍ አውልቀው ይገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ነጋዴው ከመደርደሪያው የታጠፈ ሐር አንሥቶ በአንድ ንቅናቄ አንሶላው ላይ ይዘረጋዋል፤ በላዩም ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶ አንሶላው ጨርሶ አይታይም። በቀደመው ዘመን በብዙ ቤተ ሰብ ለምርጫው የሚቀመጡት እናት፣ አክስትና አያት፣ ለዋጋው ደግሞ አባት ነበሩ። ልብሱን የምትለብሰው ልጅ በዚያ ብትገኝ እንኳ ሐሳብዋ የሚጠየቀው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ በከተሞች ሙሽራይቱ ራስዋ መርጣ ራስዋ ትከራከራለች፤ በብዙ ገጠር ግን የድሮው ሥርዓት ገና አልተነሣም። የሙሽራ ልብስ ታሪክ እንግዲህ የጨርቅ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የመምረጥ መብትና የባለቤትነት ታሪክ ጭምር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳሪ መቀስና መርፌ ሳይነካው ከሸማኔው እጅ እንደ ወጣ የሚለበስ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፤ የማሃራሽትራ ሴቶችና የታሚል ብራህማኖች ለበዓልና ለሠርግ የሚለብሱት ግን ከ8 ሜትር በላይ ይሆናል። የባናራስ ሸማኔ እንደ ኢትዮጵያ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ በጉድጓዱ አፋፍ ይቀመጣል። ልዩነቱ ከጥለቱ ላይ ነው። በባናራስ ጥለቱ ዳር ላይ ብቻ አይቀርም፤ አበባው፣ ቅጠሉና ሐረጉ በመላው ሐር ላይ ይበተናል። የጃካርድ መሣሪያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከመግባቱ በፊት ይህን ጥለት የሚያወጣው በክር ቋጠሮ የተሠራ ንድፍ ነበር። ረዳቱ፣ ብዙውን ጊዜ ልጅ እግር፣ ከመሣሪያው በላይ ተቀምጦ ሸማኔው በጠራው ቊጥር የተቋጠሩትን ክሮች ይስባል፤ ሸማኔውም በተከፈተው ድር መካከል መወርወሪያውን ያሳልፋል። ጥለቱ የከበደ የሙሽራ ሳሪ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይወስድ ነበር።

ወርቅ የሚመስለው ፈትል ዛሪ ይባላል። የጥንቱ ዛሪ እንደ ፀጉር እስኪሳሳ ተስቦና ተቀጥቅጦ በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ፣ በወርቅ የተለበጠ የብር ሽቦ ነው። የዚህ ሥራ ታላቅ ማእከል በጉጅራት የምትገኘው የሱራት ከተማ ናት። ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ዛሪ ከመዳብ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። አሮጌውን እየዞሩ የሚገዙ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ገዝተውም ያቃጥሉታል፤ ሐሩ ዐመድ ሲሆን ብሩ ይቀራል። የታሪክ ጸሐፊ በቤተ መዘክር ሊያገኛቸው የሚመኛቸው ብዙ የአያቶች ሳሪዎች የጠፉት ብል በልቷቸው ሳይሆን እንዲህ ባለ እሳት ነው።

ለሂንዱ ሙሽራ የተቀደሰውን ቀይ ሐር የሚሠሩት የባናራስ ሸማኔዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች መሆናቸውም ሊታለፍ አይገባም። ነጋዴው ሂንዱ፣ ሸማኔው ሙስሊም ሆኖ ሁለቱ ለብዙ ትውልድ ሳይለያዩ ኖረዋል፤ ከትርፉ የሚደርሳቸው ድርሻ ግን ከቶ እኩል አልነበረም። የባናራስ ሐር በ2009 በቦታ ስም የሚጠበቅ የሥራ ውጤት ሆኖ ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በሱራት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚመረተው ርካሽ አስመሳይ ጨርቅ ገበያውን ማጥለቅለቁ አልቀረም። በደቡብ ደግሞ የካንቺፑራም ሸማኔዎች ሌላ ጥበብ አላቸው። የሳሪውን ገላና ዳር በተለያየ ቀለም ለየብቻ እየሠሩ፣ ማጉን ከማግ ጋር አቈላልፈው ያጋጥሙታል። ለዚህ ሦስት መወርወሪያና አንድ ረዳት ያስፈልጋል። መጋጠሚያው በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ ገላው ቢያረጅ እንኳ ዳሩ አይለቅም ይባላል።

ስለ ቀዩ ቀለም ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ብዙው የተጋነነ ነው። ቀይ ለብዙ ሂንዱዎች የበረከት፣ የመውለድና የባለትዳርነት ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ሙሽራው በሙሽራይቱ ፀጉር መከፈያ ላይ የሚቀባው ሲንዱር የተባለው ዱቄትም ቀይ ነው። በጥንት ጊዜ ቀዩ የሚገኘው ከዕፀዋት ሥርና ላክ ከሚባለው የትንንሽ ነፍሳት ሙጫ ነበር። የጀርመን ኬሚስቶች በ1860ዎቹ መጨረሻ አሊዛሪን የተባለውን ቀይ ቀለም በቤተ ሙከራ ከሠሩ በኋላ ግን የአገሬው ቀለም ነካሪ ገበያውን እያጣ ሄደ። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ፋብሪካዎች የተነከረ ቀይ ጨርቅ በብዛት ወደ ሕንድ ይገባ ነበርና፣ ከጥንት የመጣ ቅርስ ተብሎ የሚታመነው የሙሽራ ቀይ በብዙ ቤት ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ቀይ የሁሉም አይደለም። የኬረላ ሙሽራ ዳሩ ወርቃማ የሆነ ያልነጣ የጥጥ ልብስ ትለብሳለች። የጉጅራት ሙሽራ በእናትዋ ወንድም የሚሰጣትን፣ ገላው ነጭ ዳሩ ቀይ የሆነውን ፓኔታር ለብሳ ትጀምርና፣ የባልዋ ቤተ ሰብ የሚያመጣውን ጋርቾላ ትደርባለች፤ ከአባት ቤት ወደ ባል ቤት መሻገርዋ በልብሱ ይታያል። የፓርሲና የክርስቲያን ሙሽሮች ነጭ ይለብሳሉ፤ ያው ነጭ በብዙ የሂንዱ አካባቢ የመበለት ልብስ ነው። የሎክናው ሙስሊም ሙሽራ ከጕልበት በታች የሚሰፋ ጋራራ የተባለ ሱሪ ትለብሳለች። በቤንጋል ከቀዩ የባናራስ ሐር ጋር የማይቀረው ከባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል የተቈረጠ ነጭ አምባርና ቀይ አምባር ነው።

ዛሬ ሳሪ ያለ እጀ ጠባብና ያለ ውስጥ ቀሚስ የማይታሰብ ቢመስልም፣ ይህ አለባበስ በብዙ አካባቢ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1860ዎቹ የታጎር ቤተ ሰብ ምራት የነበረችው ግናናዳናንዲኒ ዴቪ ከመንግሥት ሹም ባልዋ ጋር ወደ ቦምቤይ ሄዳ ኖረች። የቤንጋል ሴት በቤት ውስጥ የምትለብሰው ስስ ሳሪ ለአደባባይ እንደማይበቃ ስላየች፣ የፓርሲ ሴቶችን አለባበስ አይታ በእጀ ጠባብና በውስጥ ቀሚስ ላይ የሚጠመጠም አዲስ አለባበስ ይዛ ተመለሰች። ሴት ከጓዳ ወጥታ በእንግዳ ፊት ለመቆም ልብስ ያስፈልጋት ነበር፤ የዚያ ዘመን የተማሩ ቤተ ሰቦች ሙሽሮችም ይህንኑ ለበሱ።

በ1905 የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን በከፈለ ጊዜ ስዋዴሺ የተባለው የውጭ ሸቀጥን የመተውና የአገርን ምርት የመጠቀም ንቅናቄ ተነሣ። በ1921 ጋንዲ በቦምቤይ የውጭ ጨርቅ ክምር አስቃጠለ፤ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ጨርቅ፣ ማለትም ካዲ፣ የነጻነት ትግሉ ልብስ ሆነ። ካዲ ለወንድ ሸሚዝና ለስብሰባ ይስማማ ይሆናል፤ ለሠርግ ግን ሌላ ፈተና ነበር። ልጅዋን በሻካራ ጥጥ የምትድር እናት ዘመድ ሁሉ ድኻ ሆነች እንዳይላት መፍራትዋ አይቀርም፤ ይህ ሐሜት ለብዙ ሰው ከእስር ቤት የከበደ ነው።

በመጋቢት ወር 1942 በአላሃባድ የተፈጸመው የኢንዲራ ኔህሩና የፌሮዝ ጋንዲ ሠርግ በዚህ ረገድ ዝነኛ ሆኗል። ሙሽራይቱ የለበሰችው ፈዛዛ ሮዝ የካዲ ሳሪ አባትዋ ጃዋሃርላል ኔህሩ በእስር ቤት ሳሉ ከፈተሉት ክር የተሸመነ ነበር፤ ጌጡም በዳሩ ላይ ያለው የብር ጥልፍ ነው። ይሁንና የዚያን ቀን ክርክር በልብሱ ላይ ሳይሆን በምርጫዋ ላይ ነበር። ሙሽራው ፓርሲ፣ ሙሽራይቱ ሂንዱ በመሆናቸው ብዙ ሰው ተቈጥቶ ለጋንዲ ጻፈ፤ ጋንዲም በአደባባይ ጋብቻውን ደግፈው መልስ ሰጡ። ልብሱን አባት ፈተለ፤ ባልን ግን ልጅ መረጠች። ሳሪው በኋላ በ1968 ሶኒያ ጋንዲ ራጂቭን ስታገባ እንደገና ተለብሷል።

በፑንጃብ የሙሽራ ልብስ የሚዘጋጀው ከነጋዴ ዘንድ ሳይሆን በቤት ነበር። ፉልካሪ በሻካራ የጥጥ ጨርቅ ላይ በሚያብረቀርቅ ሐር የሚጠለፍ ሲሆን፣ ጥልፉ የሚቈጠረው ከጨርቁ ጀርባ በኩል ነው፤ የፊቱ ውበት ለጠላፊዋ የሚታያት ስትገለብጠው ነው። ባግ የሚባለው ዐይነት ጨርቁ እስከማይታይ ድረስ በጥልፍ ይሞላል። አያት ለልጅ ልጅዋ ሠርግ የሚሆነውን ልጅቱ ገና ሕፃን ሳለች ትጀምረው ነበር። አንዳንድዋ ጠላፊ ከቡዳ ዐይን ለመጠበቅ በአንድ ጥግ ሆን ብላ የተለየ ቀለም ታስገባለች፤ የማያውቅ ሰው ስሕተት ይለዋል። በ1947 ፑንጃብ ለሁለት ተከፍሎ ሕዝቡ በሚሊዮን ሲሰደድ፣ ከቤት ከቀረው ንብረት ጋር ለገና ሙሽራ የተጠለፈው ፉልካሪም ቀረ።

ከሠርጉ በፊት ያሉት ቀናት የሴቶች ናቸው። በእርድ ቀን ዘመዶች የእርድ ሊጥ እየለወሱ የሙሽራይቱን ፊት፣ ክንድና እግር ይቀባሉ፤ የቀባ ሁሉ ይመርቃል፤ የደረቀው ሊጥ ሲታጠብ ገላው ብርሃን ያገኛል ተብሎ ይታመናል። ቀጥሎ የሂና ሌሊት ይመጣል። ሂና ከኢትዮጵያ እንሶስላ የተለየ ተክል ነው፤ እንሶስላ በሥሩ፣ ሂና በቅጠሉ ያቀላል፤ የሴቶቹ ሌሊትና ዘፈን ግን ይመሳሰላል። ሥዕሉ ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ሲሳል ሰዓታት ይፈጃል፤ ሙሽራይቱም እስኪደርቅ ድረስ ውኃ እንኳ በሰው እጅ ትጠጣለች። ቀለሙ የጠቈረላት ሙሽራ በአማትዋ ትወደዳለች የሚል አባባል አለ። እርግጥ ቀለሙን የሚወስነው የቅጠሉ ትኩስነትና ሊጡ በእጅ ላይ የቆየበት ሰዓት ነው፤ ሂና ሣዮችም ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በሰሜኑ ከተሞች ሌሄንጋ፣ ማለት ሰፊ ቀሚስ፣ አጭር እጀ ጠባብና የራስ መሸፈኛ ያለው ልብስ ሳሪውን ከሙሽራ ላይ እያስለቀቀው ነው። የቦምቤይ ፊልም ለዚህ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። በላዩ የሚጠለፈው ዛርዶዚ የተባለው የብረት ክር ጥልፍ ሥራው ጨርቁን በእንጨት ክፈፍ ወጥረው ዙሪያውን የሚቀመጡ ወንዶች ነው። ዐሥር ኪሎ የሚመዝን ሌሄንጋ አለ፤ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ በቅዱሱ እሳት ዙሪያ ለመዞር ግን ረዳት ይጠይቃል። ረጅሙና ያልተቈረጠው ሳሪ ለማንም ሴት ይሆናል፣ ለልጅም ይወረሳል፤ በልክ የተሰፋው ሌሄንጋ ግን ከአንድ ቀን በኋላ ሣጥን ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። በዚህ ረገድ አዲሱ ከአሮጌው ብልጫ አለው ማለት ያስቸግራል።

ከልብሱ ይልቅ ብዙ ጠብ ያስነሣው ወርቁ ነው። በጥር ወር 1963 የሕንድ መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ቢቸግረው ከ14 ካራት በላይ የሆነ ጌጥ እንዳይሠራ ከለከለ። ሙሽሮችና እናቶች 14 ካራቱን አልወደዱትም፤ ብዙ አንጥረኞችም ሥራ ፈቱ። ገደቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢነሣም፣ በ1968 የወጣው የወርቅ ቍጥጥር ሕግ እስከ 1990 ጸንቶ ቈይቷል። መንግሥት ያልተረዳው ነገር፣ ለብዙ ሴት የክንድ ወርቅ ከጌጥነቱ ይልቅ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚሸጥ ብቸኛ ንብረት መሆኑን ነበር።

በጥንቱ የሂንዱ ሕግ ሴት በሠርግዋ የምታገኘው ልብስና ጌጥ ስትሪዳን ይባላል፤ ትርጕሙ የሴት ሀብት ማለት ነው። በተግባር ግን ሙሽራይቱ ልብስዋን ስታወልቅ ጌጥዋን አማትዋ ተቀብላ መቈለፍዋ የተለመደ ነበር፤ በላዩም የባል ወገን የሚጠይቀው ጥሎሽ ይጨመራል። ጥሎሽን የሚከለክለው ሕግ በ1961 ቢወጣም ብዙ አልሠራም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በደልሂ በጥሎሽ ምክንያት ተቃጥለው የሞቱ ወጣት ሚስቶች ነገር ሴቶችን ለሰልፍ አስወጣ። በ1983 ባልና የባል ዘመዶች በሚስት ላይ የሚፈጽሙት ጭካኔ ወንጀል ሆኖ ተደነገገ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስትሪዳን ሚስት በአማቶችዋ ቤት ብትኖርም የራስዋ ብቻ እንደ ሆነ፣ ባልም የያዘው በዐደራ እንደ ሆነና አልመልስም ቢል በእምነት ማጕደል እንደሚከሰስ ፈረደ። ብዙ ባሎች ሳሪውና አምባሩ የጋራ ነው ብለው ይከራከሩ ነበርና ፍርዱ ታላቅ ለውጥ ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው ደንብ በሠርጉ ጊዜ ለሙሽራይቱ የተሰጠው ሁሉ በዝርዝር እንዲጻፍ አዘዘ። የዕቃው ዐይነት፣ ግምቱ፣ የሰጪው ስምና ዝምድናው ይመዘገባል፤ ሙሽራይቱና ሙሽራው ይፈርማሉ። መፈረም የማትችል ሙሽራ ዝርዝሩ ከተነበበላት በኋላ በአውራ ጣትዋ ታትማለች፤ ያነበበላትም ሰው ይፈርማል። ይህ ዝርዝር በሥራ ላይ የሚውለው በጥቂት ሠርግ ነው፤ የሴት ልጅ ወላጆች ገና በደስታው ቀን ወረቀት ማውጣት የጠብ ምልክት እንዳይመስልባቸው ይፈራሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ቀን ግን ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።