የጡት እብጠት በደም ምርመራ ይለያል?

ጡታቸው ላይ እብጠት ያገኙ ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በቅድሚያ የሚጠይቁት “በደም ይታይልኝ” ብለው ነው። ደም መስጠት ቀላል ነው፤ ጡት ላይ መርፌ ማስገባት ግን ያስፈራል። “ብረት ከነካው ይሠራጫል” የሚለው ወሬም ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ይሁን እንጂ አንድ የጡት እብጠት ካንሰር መሆን አለመሆኑን ቁርጡን የሚናገር የደም ምርመራ እስካሁን የለም።

በላቦራቶሪዎች ለዚሁ ተብሎ በብዛት የሚሠራው ሲኤ 15-3 የተባለው ምርመራ ነው። ከጡት ህዋሳት ወደ ደም የሚገባን አንድ የፕሮቲን ዓይነት ይለካል። ብዙ ላቦራቶሪዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ከ30 ዩኒት በታች የሆነውን ውጤት እንደ ጤናማ ይቆጥሩታል። ችግሩ ቁጥሩ በሁለቱም በኩል ማሳሳቱ ነው። ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ፣ ማለትም የመዳን ተስፋው ከፍተኛ በሆነበት ጊዜ፣ ከ10 ታማሚዎች የ9ኙ ያህል ውጤት ጤናማ ይመስላል። ከፍ የሚለው በአብዛኛው በሽታው ወደ አጥንት፣ ጉበት ወይም ሳንባ ከተሠራጨ በኋላ ነው። በሌላ በኩል የጉበት በሽታ፣ እርግዝና ወይም በቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ካንሰር ሳይኖር ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ምርመራው በሽታውን ለመለየት እንዳይውል ያሳሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉም የከፋው “ኖርማል ነው” የሚለው ወረቀት ነው። ታማሚዋ ተረጋግታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ እብጠቱ ግን ያድጋል።

ሲኤ 15-3 ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ካንሰሩ ተሠራጭቶ ሕክምና ላይ ላለች ሴት መድኃኒቱ መሥራቱን ለመከታተል ይረዳል። ቢአርሲኤ 1 እና 2 የሚባሉት የዘር ምርመራዎችም በደም ይሠራሉ፤ የሚናገሩት ግን በዘር ስለሚመጣ ተጋላጭነት እንጂ አሁን በእጅ ስለሚዳሰሰው እብጠት አይደለም።

ቁርጡ የሚታወቀው በሦስት ነገሮች ነው፤ ሐኪሙ በእጁ ሲመረምር፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ሲታይ፣ እንዲሁም ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር። የወጣት ሴቶች ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በማሞግራፊ በደንብ ስለማይታይ ለእነርሱ አልትራሳውንድ ይመረጣል። በቀጭን መርፌ የሚወሰደው ናሙና የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወፈር ባለ መርፌ የሚወሰደው ደግሞ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። በመርፌ በመነካቱ ምክንያት በሽታው ይባባሳል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። ሦስቱ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ አልትራሳውንዱ አጠራጣሪ ሆኖ የመርፌው ውጤት “ንጹህ” ቢል፣ ናሙናው እንደገና ይወሰዳል ወይም እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ካንሰር ሆኖ ከተገኘም፣ እንደ ታሞክሲፈን ያለው የሆርሞን መድኃኒት ለታማሚዋ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚሁ ናሙና ነው።